ቅርፊት ያለው አሳ

«ያንንም የገደልሽው አንቺ ነሽ፤ በዚያ በጥሬ አሳሽ!» ሲላት ሰማሁ። ልጄ ነው፣ ፈረደ፤ ሚስቱን ነው የሚናገራት። ጎህ እየቀደደ ነበር፤ እኔ አንገረብ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሬ ገና አልጨረስኩም። በእኔና በእነሱ መኝታ መሀል ያለው የማሽላ አገዳ ነው፤ ያውም ምስጥ የበላው፣ እንኳን ነገር ሳልም የማያስቀር። «በዚህኛው ላይ ደግሞ ጥሬ አሳ ቀምሰሽ ባገኝሽ፣ በመጣሽበት መንገድ ወደ ደልጊ ትመለሻለሽ። ሰምተሻል?» አላት። ምራቴ አየሁሽ «ሰማሁ» አለች። ጥቂት ቆይቶ እሱ በሩን ገፍቶ ሲወጣ በአጠገቤ አለፈና «እንዴት አደሩ፣ እናቴ» አለኝ። እኔም ምንም እንዳልሰማ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። ወደ ኬላው ሄደ። እዚያ የጣሊያን ካሚዮን ያራግፋል፤ ጀምበር ካላዘቀዘቀች አይመለስም።

ደሜ ፈላ። እንዴ! እርጉዝ ያማራትን ትከለከላለች? በእኛ አገር፣ በአርማጭሆ፣ እርጉዝ ሴት ከመንገድ ዳር ቆማ የሰው እሸት ብትሸመጥጥ ባለቤቱ እያየ እንዳላየ ያልፋታል። የወጥ ሽታ ደርሷት ሳያቀምሳት የቀረ ጎረቤት ነፍስ እንዳጠፋ ነው የሚቆጠረው። አምሮቷ ያልወጣላት ሴት ይጨነግፍባታል። ይሄን እኔ አላመጣሁትም፤ እናቴም፣ የእናቴም እናት ያሉት ነው። አምና የአራት ወር ፅንስ ሲወርዳት ጊዜ ፈረደ «ደልጊ፣ ሐይቁ ዳር፣ እናቷ ቤት ሄዳ ጥሬ አሳ ስለበላች ነው» ብሎ ያዘ። ኬላው ላይ ያለ አንድ አስተርጓሚ ነው እንዲህ ያለው። እኔ ግን በልቤ ሌላ ነበር ያልኩት። ደልጊ ሳለች አሳውን እየበላች ምንም አልሆነችም፤ የወረዳት እዚህ መጥታ፣ አሳው ከቀረባት በኋላ ነው። ታዲያ የገደለው መብላቱ ነው ወይስ ማጣቱ? እንዲህ ብዬ ነው የፈታሁት። ለማንም አልተናገርኩም። የፈረደ ቁጣ የአባቱ ነው፤ እንደ ገለባ እሳት ቦግ ብሎ አይጠፋም፣ ውስጥ ውስጡን ሲነድ ይከርማል።

አየሁሽ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ምራት ስትገባ አማት ስም ታወጣላታለች፣ እኔም ገና ሳያት ደስ ስላለችኝ አየሁሽ አልኳት። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ስም ከማውጣት በቀር ብዙ ቃል አልተለዋወጥንም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ዓመት ስንኖር «ውሃው መጣ?»፣ «እሳቱን ልድፈን?» ነው የእኛ ጨዋታ። እሷ ዝምተኛ ናት፤ እኔ ደግሞ አማት ቀድማ ከሳቀች ምራት ትንቃታለች ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ነኝ። ያን ሰሞን ግን ሁኔታዋ አላማረኝም። የማሽላ እንጀራ ሲቀርብላት ትቆርስና መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሽሮ ሲሸታት ወደ ውጭ ትሮጣለች። አንድ ቀን ውሃ ቀድቼ ከደጅ ስገባ፣ የተለሰነውን የግርግዳ ጭቃ በጥፍሯ ፍቃ ስትልስ አገኘኋት፤ አይታኝ አፈረችና በነጠላዋ አፏን ጠረገች። ክንዷ ከስቶ አምባሯ እስከ ክርኗ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሆዷ ብቻ ነው የቀረው።

ያን ዕለት ጠዋት ከጓዳው ወጥታ ሰሊጥ ልትነፋ ወንፊቱን ይዛ ደጃፍ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። የሰማሁትን ልንገራት አልንገራት እያልኩ አጠገቧ ተቀመጥኩና «ምን አማረሽ፣ ልጄ? ለእኔ ንገሪኝ» አልኳት። «ምንም፣ እሜቴ» አለች። ወንፊቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ነቀነቀች። ከዚያ ሳልጠይቃት፣ ቀና ሳትል፣ «አባቴ ከታንኳው ሳይወርድ ነው የሚበልትልን» አለች። «ገና እየተንፈራገጠ። ሎሚ ይጨምቅበትና በርበሬ ነስነስ ያደርግበታል፣ እዚያው ከውሃው ላይ እንበላዋለን። እናቴ እኔን አርግዛ ሳለች ከዚያ ሌላ አትቀምስም ነበር አሉ።» ይሄን ያህል ተናግራ አታውቅም። እንባዋ ሰሊጡ ላይ ጠብ አለ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኔ ግን ከነገረችኝ ሁሉ የያዝኩት «አሳ» የሚለውን ብቻ ነው። ከታንኳው ሳይወርድ ያለችውን፣ እየተንፈራገጠ ያለችውን ጆሮዬ አልያዘውም። ዘንቢሌን አነሳሁ፣ ከጓዳ አንድ ጣሳ በርበሬ ቋጠርኩ፣ «ገበያ ደርሼ መጣሁ» ብዬ ወጣሁ።

ጣሊያን መተማን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። መጋቢት ነበር፣ ሁዳዴ። ፀሐዩ ከማለዳው ይጋረፋል። ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ገላባት ላይ፣ የእንግሊዝ ባንዲራ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ንፋስ የሚባል የለም። ገበያው ውድ ሆኗል። ካሚዮን ነጂዎቹና አስካሪ የሚባሉት የጣሊያን ወታደሮች ያገኙትን ሁሉ በሊሬ እያነሱ ይሄዳሉ፤ ቀድሞ በአንድ እፍኝ ጨው የምናገኘው ሎሚ ሦስቱ በአንድ ሊሬ ሆኗል። ሻጯ የቋራ ሴት ናት፣ «ውሃ እኮ የለም፣ እሜቴ፣ በምን ያፍራ?» አለችኝ። ተከራክሬ አራት አደረግኋት። አሳ ግን በገበያው የለም። የደረቀ አለ፣ ከሱዳን የሚመጣ፣ ሽታው ከሩቅ የሚገፋ፤ እሱን ሙስሊሞቹ ለወጥ ይገዙታል። እርጥብ ከፈለግሽ ጓንግ ወንዝ ድረስ ነው፣ አሳ አስጋሪዎቹ ተክሩሪዎች ዘንድ፣ አሉኝ።

ልሄድ ስል ኩብራን አየኋት። የአብዱልሀኪም ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ሙጫው በጆንያ ከተከመረበት ጎን ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። ኩብራ አዋላጅ ናት፤ ሱዳኖቹ ዳያ ይሏታል። እንግሊዞቹ ወዲያ ማዶ ወስደው ያስተማሯት ናት፣ መቀስና መድኃኒት ያለበት የቆርቆሮ ሳጥን ከእጇ አይለይም። ክርስቲያኑም እስላሙም ይጠራታል። ዕድሜዋ ግን ከፈረደ አይበልጥም። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩና፣ «ኩብራ፣ እንደው አንዲት ሴት ጠይቂልኝ ብላኝ ነው» አልኳት። «እርጉዝ ጥሬ አሳ ቢያምራት፣ ብትበላ ምን ይላታል?»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እሳት ያላየ አሳ ለእርጉዝ አይሆንም፣ እማማ አሰበች» አለችኝ። «አሳ በሆዱ ትል ይይዛል፣ ዓይን የማያየው ደዌም ይይዛል። እርስዎንና እኔን ቢበዛ ሁለት ቀን ሆድ ያስኬደናል። የሆዷን ልጅ ግን ሊገድለው ይችላል። በዚህ ሙቀት ደግሞ አሳ ከሞተ ግማሽ ቀን አይቆይም።»

«ካማራትስ? አምሮት እኮ ነው!» አልኳት።

«ተጠብሶ ሎሚና በርበሬ ይደረግላት። ያማራት ሎሚው ይሁን አሳው ማን ያውቃል? ትቅመሰውና ይለይላታል።»

መልካም ምክር ነበር። ዛሬ እንዲህ እላለሁ። ያን ጊዜ ግን ትናንት የተወለደች ልጅ የእናቴን ቃል ስታፈርስብኝ ነው የታየኝ። «ለመሆኑ አንቺ ስንት ወልደሻል?» አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው፤ ሙጫ የሚመዝኑት ሰዎች ዞር ብለው አዩን። ኩብራ ሳጥኗን ወደ ጉልበቷ ሳበችና «አልወለድኩም» አለች። «እኔ ሰባት ወልጃለሁ» አልኳትና ነጠላዬን አራግፌ ተነሳሁ። ልቧ እንደተሰበረ አውቃለሁ፤ ያወቅሁትም ያኔውኑ ነው፣ ደስም ብሎኝ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከሰባቱ ስድስቱን እንደቀበርኩ አልነገርኳትም። አንዱን ንዳድ፣ ሁለቱን ኩፍኝ፣ ሌሎቹን ደግሞ ምን እንደወሰዳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። የቀረኝ ፈረደ ብቻ ነው።

ጓንግ ሩቅ ነው። ጾመኛ ሆኜ፣ ጠብታ ውሃ ሳልቀምስ፣ በዚያ ፀሐይ ሄድኩ። ከከተማው መውጫ ላይ አንድ አስካሪ ዘንቢሌን አስፈትቶ በርበሬውን አሸተተና አስነጠሰው፤ ጓዶቹ ሳቁበት፣ እኔን አሳለፉኝ። መንገዱ ዳር ያለው ማሽላ ከታጨደ ቆይቷል፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል። ወንዙ ጋ ስደርስ እኩለ ቀን ሊሆን ምንም አልቀረው። ወንዝ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ በመጋቢት ጓንግ አይፈስም፣ እዚህና እዚያ ኩሬ ብቻ ነው የሚተው። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ፣ ከብት ሲረግጠው የሚውል ነው። አሳው ሁሉ እዚያ ተጨናንቆ ነው የሚገኘው። ሷሊህ የሚባለው ተክሩሪ ግማሽ ሰውነቱ ውሃው ውስጥ ሆኖ መረቡን ሲጎትት አገኘሁት። ጨዋ ሰው ነው፤ ሲያየኝ ወጥቶ፣ ሽርጡን አስተካክሎ ሰላም አለኝ።

ከእርጥብ ጆንያ ሥር አንድ አሳ አወጣ። ጥቁር ነው፣ ጢም አለው፣ የሰው ክንድ ያክላል፤ አፉን እየከፈተ ይዘጋል። «አምባዛ ይውሰዱ፣ እናቴ» አለኝ። «ወላሂ በሕይወቱ ቤትዎ ይደርሳል። ጆንያውን ካራሱለት እስከ ማታ ይተነፍሳል።» ፊቴን አዞርኩ። ቆዳው እንደ እባብ ልሙጥ ነው፣ አንድ ቅርፊት የለበትም። ቅርፊት የሌለው አሳ በኦሪቱ የተከለከለ ነው፤ ቄሱም የሚሉት ይሄንኑ ነው፣ በቤታችን ገብቶ አያውቅም። የልጅ ልጄን በረከሰ ነገር ልጀምረው? «ቅርፊት ያለው የለህም?» አልኩት። ሷሊህ ጭንቅላቱን አከከ። «ቆረሶ አለኝ፣ ግን ጧት ከመረቡ ላይ ሞቶ ነው ያገኘሁት። ምንም አይልም፣ ዛሬውኑ ቶሎ ከጠበሱት» አለኝ። ሁለት አመጣልኝ፤ ከመዳፍ ትንሽ ይበልጣሉ፣ ቅርፊታቸው በፀሐዩ ያብረቀርቃል። ለማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚበላ አልነገርኩትም። አንገቴን ብቻ ነቀነቅኩለት። በርበሬውን ሰጠሁት፣ አሳውን ተቀበልኩት። ሕያው የሆነውን ትቼ የሞተውን ተሸክሜ ተመለስኩ፤ ሕጉን ጠበቅሁ ብዬ፣ ያውም ደስ እያለኝ።

በዋንዛ ቅጠል ጠቅልዬ ውሃ አርከፈከፍኩበት፤ ግን ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ቅጠሉ ደርቆ ኮሽኮሽ ይል ጀመር። ዝንቡ ከኋላዬ አልተለየም። ጉልበቴ እየዛለ ሁለት ጊዜ ከጥላ ሥር አረፍኩ። ሁለተኛው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ፣ ምን ያህል እንደሆነ እንጃ። ቤት ስገባ ፀሐይ ዘንበል ብላለች፣ አየሁሽ ከደጃፉ ወደ ጓዳው ገብታ ጋደም ብላ ነበር። ዘንቢሉን ሳስቀምጥ ብድግ አለች። ሽታው ደርሷት ነው። ዓይኗን ባያችሁት! ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲያ ስታየኝ አላውቅም። ከዚያ ወዲያው ደነገጠች። «ፈረደ ቢሰማስ፣ እሜቴ? ከቤቴ ትወጫለሽ ብሎኛል።»

«ፈረደን ለእኔ ተዪው» አልኳት። «ያበላሁሽ እኔ ነኝ። ነገር ቢመጣ እኔን ነው የሚያናግረው።» ይሄን ያልኩት አፌን ሞልቼ ነው። ደግሞም ከልቤ ነበር፤ ሐሰት የለበትም።

ቅርፊቱን በቢላ ፈቀፈቅሁ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለየሁ፣ በጥቃቅኑ ከተፍኩ። ሎሚውን አራቱንም ጨመቅሁበት። ሥጋው ወዲያው ነጣ፣ የተቀቀለ መሰለ። ሎሚ ያበስለዋል አልኩ ለራሴ፤ ኩብራ እሳት ይንካው ያለችው ይሄው ነካው፣ ሎሚስ እሳት አይደል? ሰው ራሱን ማታለል ሲፈልግ መላ አያጣም። በርበሬ ነሰነስኩበትና በጣባ አቀረብኩላት። የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ አፏ ስታቀርብ እጇ ቆመ። «ትንሽ ይሸታል መሰለኝ። እስቲ ይቅመሱልኝ» አለችኝ። «ሁዳዴ ነው፣ ልጄ፣ እኔ አልቀምስም» አልኳት። «አሳ አሳ ነው የሚሸተው፤ ምን ሊሸት ኖሯል? ብዪ።» አመነችኝ። በላች።

አበላሏን አይቼ ልቤ ራሰ። ጣቷን ትልሳለች፣ ትስቃለች፣ በርበሬው ዓይኗን አስለቅሷት በክንዷ ትጠርጋለች። ምላሷ ተፈታ። ስለ አባቷ ታንኳ ነገረችኝ፣ ደንገሉ ሲያረጅ ውሃ እየጠጣ እንዴት እንደሚከብድ፤ አንድ ጊዜ ጉማሬ ገልብጧቸው እሷ ስትንሳፈፍ ሹሩባዋን ይዘው እንዳወጧት። እኔም የሞቱብኝን ልጆች ስም አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ጣባውን ጥርግ አድርጋ ከበላች በኋላ እጄን ያዘችና ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። ልጁ ከውስጥ መታኝ፣ ጠንካራ ምት። «ደስ ብሎት ነው» አለችኝ። ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። አማትና ምራት ሳንሆን እናትና ልጅ የሆንባት አንዲት ከሰዓት በኋላ እሷ ናት።

አጥንቱንና ቅርፊቱን አርቄ ቀበርኩ። ጣባውን በአመድ አጠብኩ። ፈረደ ሲመጣ ቤቱ ሎሚ ሎሚ ይሸት ነበር፣ እሱ ግን ደክሞት ነው መሰለኝ ምንም አላለም። ራት አቀረበችለት። ጀምበር እንደገባች ፊቷ ላብ በላብ ሆነ፤ ተነስታ ወጣች፣ ከጓሮ ስታስመልስ ሰማናት። ተመልሳ ስትገባ ጥርሷ ይንገጫገጫል። «ንዳድ ነው» አለ ፈረደ። እኔም «ንዳድ ነው» አልኩ። ቆላ ውስጥ ንዳድ ያልሆነ ምን ትኩሳት አለ! በማግስቱ ከኬላው ኪኒን ለምኖ አመጣላት፤ ያንንም አስመለሰችው። ሆዷ ቆርጦ ያዛት። ትኩሳቱ ሲነሳባት የእናቷን ስም ትጠራለች፣ ሲለቃት ዝም ብላ ጣሪያውን ታያለች። እኔ ጨርቅ እያረጠብኩ ግንባሯን ስይዝ፣ አንድም ጊዜ «አሳው ነው» አላለችኝም። በሦስተኛው ቀን ልጁ በሆዷ መንቀሳቀሱን ተወ። ሩጬ ኩብራን ያመጣኋት እኔ ራሴ ነኝ።

ረፋዱ ላይ ወለደች። ወንድ ነው። ጥፍሩ ሁሉ ወጥቶለታል፣ ፀጉርም ነበረው። ኩብራ አጥባ በነጭ ሻሽ ጠቀለለችው። ክርስትና ስላልተነሳ ቄስ አይመጣለትም፤ ፈረደ ከቤቱ ጓሮ ቆፍሮ ቀበረው። ቆፍሮ ሲመለስ አፈሩ በእጁ እንዳለ በሩ ላይ ቆመ። ኩብራ ያን ጊዜ ሳጥኗን እየዘጋች ነበር። «አየሁሽ፣ ከመታመምሽ በፊት ምን በልተሽ ነበር?» አለቻት። ጥያቄው ለአየሁሽ ነው፤ የምታየው ግን እኔን ነው።

አየሁሽ ወደ ግርግዳው እንደዞረች፣ «ጥሬ አሳ» አለች። «ራሴ ነኝ። ከመንገደኛ ገዝቼ።»

ኩብራ ሳጥኑ ላይ እጇን ጭና ጠበቀች። እኔን ነው የጠበቀችው። ረጅም ጊዜ ነው የሰጠችኝ፤ አንድ ሰው ሰባት ጊዜ እውነቱን ሊናገርበት የሚበቃ ጊዜ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ተረቱን ያወጣው ሰው እንደኔ ዝም ብሎ አያውቅም መሰለኝ። ምን ፈራሁ? ልጄን ፈራሁ። እጁ ላይ ያለውን አፈር ፈራሁ። ይሄን ካወቀ እናቴ ብሎ ባይጠራኝስ፣ ከዚያ ወዲያ በዚህ በሰው አገር የማን ነኝ? ብዬ ፈራሁ። ደግሞም አፈርኩ፤ ሰባት ወልጃለሁ ያልኩት አንደበት እንዴት ብሎ ይናገር? አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ። ፈረደ ተመልሶ ወጣ። ኩብራም ነጠላዋን አጣፋች፣ በአጠገቤ ስታልፍ ቀስ ብላ፣ «እማማ፣ ያቺ ጠይቂልኝ ያለችዎት ሴት እንዴት ሆነች?» አለችኝ። ይሄው ጣሊያኑ ወጥቶ እንግሊዙ ገባ፣ ኩብራ ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ እኔም እንደዚያው።

ከዚያ በኋላ በቤቱ ቃል ጠፋ። ፈረደ አይቆጣም፣ አይሳደብም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። የሰጠችውን ይበላል፣ ጣባውን ያስቀምጣል፣ ይወጣል። እሷ በአሥረኛው ቀን ተነስታ ቤት ጠረገች፣ ውሃ ቀዳች፣ ጡቷ በባዶ እየፈሰሰ ቀሚሷን ያረጥበዋል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን «ነገ ወደ ደልጊ የሚሄዱ ሲራራ ነጋዴዎች አሉ» አለ ፈረደ፤ ለማን እንደተናገረ እንኳ አይታወቅም፣ ወደ ምድጃው እያየ ነው። አየሁሽ «እሺ» አለች። እኔ ስንቅ ሠራሁላት። በሶ ቋጠርኩ፣ ሰሊጡን ወቅጬ በማር ለወስኩላት፣ ለእናቷ ደግሞ አንድ ቅል ቅቤ። እጄ ይሠራል፣ አፌ ተጣብቋል። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ሲነጋ እነግረዋለሁ፣ ሲነጋ እነግረዋለሁ እያልኩ አነጋሁት።

ሲነጋ ነጋዴዎቹ ከገበያው ጥግ ባለው ዋንዛ ሥር አህያና በቅሎ ይጭኑ ነበር። ሙጫና የሱዳን ጨርቅ ነው ጭነታቸው። ፈረደ ከአለቃቸው ጋር ተነጋግሮ አንዲት በቅሎ አስጫነላት። እስከዚያ እኔና እሷ ትንሽ ራቅ ብለን ቆምን። ፊቷ ያበጠ፣ ከንፈሯ የተሰነጠቀ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት እኮ! «ልጄ፣ እነግረዋለሁ» አልኳት። «አሁኑኑ እነግረዋለሁ። የገደልኩት እኔ ነኝ።» ወደ ፈረደ ስራመድ ክንዴን ያዘችኝ። ጉልበት የላትም፣ ግን አላስኬደችኝም።

«ይተዉት፣ እሜቴ» አለችኝ። «እኔ እናት አለችኝ፣ ወደ እናቴ ነው የምሄደው። እርስዎ ከእሱ ሌላ ማን አለዎት?»

ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ቆማ ደግሞ ጉንጬን ሳመችኝ፣ በዚህም በዚያም። ፈረደ መጥቶ በቅሎዋ ላይ አወጣት፣ ስንቁን ከኮርቻው አሰረላት። አንዱ ሌላውን ቀና ብሎ አላየም። ነጋዴዎቹ አህዮቹን እየገፉ ተነሱ። መንገዱ አቧራ ነው፤ ጥቂት እንደሄዱ እሷን ከጭነቱ መለየት አቃተኝ። እኔ ለመጮህ አፌን ከፈትኩ፣ «አንተ ልጅ!» አልኩ፣ ፈረደ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። አብሮኝ የሚያለቅስ ስለመሰለው መጥቶ ትከሻዬን አቀፈኝ፤ ሕፃን ሳለ አንገቴን ካቀፈኝ ወዲህ አቅፎኝ አያውቅም ነበር።

«አይዘኑ፣ እናቴ» አለኝ። «ልብዎን ሳይሰጧት ቀርተው አይደለም፣ አውቃለሁ። ለእርስዎ ቃል የምትታዘዝ፣ እርስዎ ያሉትን ብቻ የምትበላ ሌላ አመጣለሁ።»

ክንዱ ከትከሻዬ ላይ አልተነሳም። ከባድ ነው፣ ይሞቃል።

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አልኩት።